ማክሰኞ የቆመው ዲስክ

ጋሽ ዲግሪን ሐሙስ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ያገኛቸው ዘበኛው ነው። ከመጋዘኑ የዕቃ መጫኛ መድረክ ሥር፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ማጅራታቸው ላይ ያለውን ቁስል ያየ ሰው አዳልጧቸው ነው ለማለት አይደፍርም። የዕቃ መግፊያው ጋሪ የብረት እጀታ ከቦታው ወልቆ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ወድቋል። ጧቱን ሲዘንብ ስለነበር አሻራ የሚባል ነገር አልቀረበትም።

ሟቹ የአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት የቀዝቃዛ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። የሕፃናት ክትባት የሚቀመጠው ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። እሳቸውም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ "ዲግሪው ስንት ነው?" ሳይሉ ለሰው ሰላምታ ሰጥተው አያውቁም። ስሙም በዚያው ጸናባቸው።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተርም ብትሆን ያለ ቅጽል ስም አልቀረችም። ባልደረቦቿ ከኋላዋ "እመት ለምን" ይሏታል። ፊት ለፊት የሚላት ግን የለም፤ ለምን እንዳላት ትጠይቀዋለቻ!

"ከስንት ሰዓት ጀምረህ ነው በሩ ላይ ያለኸው?" ብላ ዘበኛውን ጠየቀችው።

"ከአንድ ሰዓት ጀምሬ። ንቅንቅ አላልኩም።"

የዘበኛውን ጎጆ አየችው። ጣሪያው ደህና ነው፤ ወንበሩም ደረቅ ነው። የሰውየው ካፖርት ግን እስከ ጉልበቱ ድረስ ይንጠባጠባል።

"ታዲያ ለምን እንዲህ በሰበስክ?"

ዘበኛው ካፖርቱን አየ፤ ሰማዩን አየ፤ የሚያግዘው አላገኘም። "የልጆች አባት ነኝ፣ ኢንስፔክተር። ለሥራ አስኪያጁ እንዳይነግሩብኝ" አለ። "የማታው ዘበኛ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል። በዚያን ሰዓት ጋሽ ዲግሪ ስለሚገቡ፣ እኔ ትንሽ ብዘገይም ችግር የለም ብዬ ነው። ዛሬ የደረስኩት ለሁለት ሃያ ጉዳይ ላይ ነው።"

"ከደረስክ በኋላስ ማን ገባ?"

"ፈጣኑ ብቻ። ኮምፒውተር ጠጋኙ። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ፤ አምስት ደቂቃም ሳይቆይ አንገቱን ደፍቶ እየሮጠ ወጣ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትናንት ደግሞ ተጣልተው ነበር። ስንት ዘመን አባባ ሲላቸው የኖረ ልጅ አንተ ብሎ ሲሰድባቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። 'ከነዲስክህ ይቅበሩህ!' ነው ያላቸው። እንዲህ ይባላል?"

"ዛሬስ የሰማኸው ጩኸት አለ?"

"በዚህ ማቀዝቀዣ መሀል ምን ይሰማል ብለው ነው? ቀን ተሌት ሲያጓራ ነው የሚውለው። ባለፈው እሁድ ብቻ ጭጭ ብሎ ጆሮዬ አረፈ።"

ኢንስፔክተሯ ስድቡን እየጻፈች ስለነበር የመጨረሻውን ነገር በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው አስወጣችው። በኋላ በዚህ ራሷን ስትወቅስ ከርማለች።

ሥራ አስኪያጁ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ዓይኑ ቀልቷል። "አባቴ ማለት ነበሩ" አለና ወደ ቢሮው ይዟት ወጣ፤ የኮሪደሩን መብራት ከፊቷ እያበራ፣ ከኋላዋ እያጠፋ። ቆጣቢ ሰው ነው። አድራሻውን የጻፈላት እንኳን አንድ ጊዜ ባገለገለ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው።

"ምስኪን፣ ዛሬም ሥራቸውን ሠርተው ነው የሄዱት" ብሎ ቢጫ ወፍ የተለጠፈበት የላስቲክ ማህደር ዘረጋላት። ውስጡ አንድ የታተመ ወረቀት ነበር። "የክፍሉን ሙቀት ኮምፒውተሩ እየመዘገበ ያስቀምጠዋል። ጋሽ ዲግሪ ጧት ጧት አትመው ጠረጴዛዬ ላይ ያኖሩልኛል። አሁን ስገባ ያገኘሁት ነው። ይዩት፤ ከእሁድ ጀምሮ አራት ዲግሪ ነው። የመጨረሻው መስመር የዛሬ ለሁለት አሥር ጉዳይ ነው። ክትባቱ ደህና ነው፣ ኢንስፔክተር። ሕፃናት እየጠበቁት ስለሆነ መጋዘኑን ቶሎ ይልቀቁልን።"

"እርስዎ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ?"

"የልጄ ትምህርት ቤት። የወላጆች ስብሰባ ነበረን።"

ሒሳቡ ቀላል ነበር። ወረቀቱ እንደሚለው ከሆነ ሟቹ ለሁለት አሥር ጉዳይ ላይ በሕይወት ነበሩ። ዘበኛው ከዚያ በፊት በሩ ላይ ደርሷል። ከዚያ በኋላ የገባው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ፈጣኑን ሱቁ ውስጥ፣ አንድ የተፈታ ኮምፒውተር ላይ እንዳቀረቀረ ያዙት። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ለሰኞ ያለውን ዕቃ ለቀጣዩ ሰኞ ስለሚያደርሰው። "ይህችን ብሎን አስሬ ልምጣ" ቢላቸው ፖሊሶቹ አልጠበቁትም።

የሚክደው ነገር አልነበረም። የሙቀት መዝጋቢው ኮምፒውተር መረጃውን የሚያስቀምጥበትን ዲስክ የሸጠላቸው እሱ ነው። ረቡዕ ሊቀይርላቸው ሄደ፤ ጋሽ ዲግሪ ከለከሉት፤ ተሰዳደቡ። ሐሙስ ጧት እንደገና ሄደ፤ በቢሮው በኩል ቢጠራቸው የሚመልስ ጠፋ፤ ዝናቡን ሽሽት ሮጦ ወጣ። መድረኩ ከሕንፃው ጀርባ ስለሆነ አላየም። ይኸው ነው።

የፖሊስ ኮምፒውተር ባለሙያው ደግሞ ዓርብ ከሰዓት ውጤቱን ይዞ መጣ። የሙቀቱ መዝገብ ወራት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ላይ ግን ቀጥ ይላል። ረቡዕና ሐሙስ የሉም።

"ወረቀቱ ላይ አሉ፤ ዲስኩ ላይ የሉም" አለ ባለሙያው። "ከታተመ በኋላ ፍቀውታል ማለት ነው። ለዚያውም ዱካ ሳያስቀሩ። ሥራውን የሚያውቅ እጅ ነው።"

"ሰማሽ?" አለ አዛዡ። "የሚያውቅ እጅ! የክሱ መዝገብ ማክሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ ላይ ይሁን።"

"ዲስኩን ሊወስድ ከመጣ ለምን ሳይወስደው ሄደ? ሁለት ቀን ብቻ መፋቁስ ለምን?"

"ደንግጦ ነዋ። ነፍሰ ገዳይ ሁሉን ነገር አስቦ የሚሠራ ቢሆን እኔና አንቺ ሥራ ፈት ነበርን።"

ኢንስፔክተሯ አልረካችም። ግን የሚጨበጥ ነገር በእጇ አልነበረም። የዘበኛውን ቤት ሄዳ አየች፤ የታክሲ ተራ አስከባሪው ለሁለት ሃያ አምስት ጉዳይ ላይ ሲወርድ አይቶታል። የሥራ አስኪያጁን ልጅ መምህርት አነጋገረች። ሴትዮዋ ሕፃናት እንስሳት የለጠፉባቸው ማህደሮች ከተቆለሉበት ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ፣ "አዎ፣ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ብስብስ ብሎ ገባ። እስከ ስብሰባው መጨረሻ አብሮን ነበር" አለቻት። ሐኪሙም ቢሆን የሞቱት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ መሆኑን ከመናገር አላለፈም።

የሟቹ ባለቤት ቤት የቆየችው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው።

"ጠላት ነበራቸው?"

"ምን ጠላት ይኖረዋል? እሱ ከሙቀት በቀር ከማን ጋር ተጣልቶ ያውቃል?" አሉ ሴትዮዋ። ቀጥለውም፣ "ልጁን ይዛችሁታል አሉ" አሉ።

"ይዘነዋል።"

"እሰይ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጣቢያው በር ላይ ደግሞ የፈጣኑ ታላቅ እህት አለች። እናታቸው ስትሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ጧት ንጹሕ ሸሚዝ ይዛለት ትመጣና አጥሩን ተደግፋ ትውላለች። ሰኞ ኢንስፔክተሯ ስታልፍ መንገድ ዘጋችባት።

"እመቤቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልበልዎት። ዝንብ ገድሎ አያውቅም አልልዎትም። ዝንቧን ለመግደል መጀመሪያ መድረስ ያስፈልጋላ! እሱ ምኑ ፈጥኖ ሰው ይገድላል?" ብላ ሳቀች። ሳቁ ግን አልዘለቀላትም፤ ሸሚዙን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። "ነገ ከተወሰደ አይመለስልኝም። እኔ እኮ ሌላ ሰው የለኝም።"

ኢንስፔክተሯ አንጀቷን በላቻት። በሥራዋ ላይ እንዲህ ያለ ስሜት አትወድም፤ ግን መጣ፤ ምን ታድርገው?

ቀጥታ ወደ ማረፊያ ቤቱ ገባች። የቀራት ጊዜ ከአንድ ቀን ያነሰ ነው።

"ስለ ዲስኩ ንገረኝ" አለችው ከፈጣኑ ፊት ተቀምጣ። "ምንም እንደማላውቅ ሰው ቁጠረኝ።"

"ያው አያውቁም" አለ፤ ወዲያውም ደንግጦ፣ "ይቅርታ፣ እኔ…" አለ።

"ግድ የለም፤ ቀጥል።"

"ኤስኤስዲ ነው የሚባለው። የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ፈጣን ነው። ግን ሲጻፍበት ያልቃል። በእርሳስ ጽፈሽ በላጲስ የምታጠፊው ደብተር አለ አይደል? አንድን ገጽ ስንት ጊዜ ታጠፊዋለሽ? አንድ ቀን ወረቀቱ ይቀደዳል።" ሲያስረዳ ሥራው ላይ ያለ መሰለ፤ 'አንቺ' ማለቱንም ልብ አላለም። "ርካሹ ደግሞ ወረቀቱ ስስ ነው። ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ፎቶ ለሚያይ ሰው ዓመታት ያገለግላል። እነሱ ግን ምን ላይ አስገቡት? በየሰከንዱ ሙቀት የሚመዘግብ ማሽን ላይ! ቀን ተሌት፣ በዓል የለ፣ እሁድ የለ። 'ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ደህናውን ግዙ' ብዬ ነበር። ጋሽ ዲግሪም ጠይቀዋል። 'ርካሹ ይበቃል' ተብሎ ተመለሰ።"

"እሺ፣ አለቀ እንበል። ሲያልቅ ምን ይሆናል?"

"አንዳንዱ ጭልጥ ብሎ ይሞታል። ይኼኛው ግን ራሱን ቆለፈ። የተጻፈበትን ያነባል፤ አዲስ ነገር አይቀበልም። ማክሰኞ ከሰዓት ነው የቆለፈው፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ የለም። ማንም አልፋቀውም፤ መጀመሪያውንም አልገባም!"

"ጋሽ ዲግሪ ያተሙት ወረቀት ላይ ግን ረቡዕም ሐሙስም አለ።"

"መቆለፉን እኮ አይናገርም። ያታልላል! ስትጽፊ የተቀበለ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ እስካልጠፋ ድረስ ያሳይሻል። አጥፍተሽ ስታበሪው ግን እንዳልነበረ ይሆናል። ረቡዕ ለጋሽ ዲግሪ ያሳየኋቸው ይህንኑ ነው። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና 'ዲስኩን አልሰጥህም' አሉኝ። መጥፎ ዕቃ ሸጠልኝ ብለው ሊከሱኝ መሰለኝ። ቱግ አልኩ።" እጁን አየ። "ያልኩትን አልኩ።"

"ይህን ለምን ለባለሙያው አልነገርከውም?"

"ነገርኩት። 'ራስህን ለማዳን የፈጠርከው ነው' አለኝ።"

ዕውነቱን ነው። ባለሙያው ኤግዚቢት ክፍል ውስጥ ለእሷም ያንኑ ደገመላት።

"እንሞክረው" አለችው።

"በምን? ከዲስኩ በቀዳሁት ግልባጭ?"

"ግልባጩ ያለው ጤነኛ ዲስክ ላይ ነው። ጤነኛው ስለ በሽተኛው ምን ይነግረኛል? በራሱ በዲስኩ።"

ባለሙያው ከወንበሩ ተነሳ። "ኢንስፔክተር፣ ኤግዚቢት እኮ ነው! አንድ ፊደል ከጻፍሽበት የተበከለ ማስረጃ ነው የሚባለው። የክሱ መዝገብም ይወድቃል፤ አንቺም ትወድቂያለሽ።"

"ልጁ እውነቱን ከሆነ አይጻፍበትም።"

"ዋሽቶ ከሆነስ?"

ዋሽቶ ከሆነ የአሥራ አምስት ዓመት ሥራዋ እዚህች ክፍል ውስጥ ያበቃል፤ ምናልባትም ነፍሰ ገዳይ በእሷ ጥፋት ነጻ ይወጣል። ይህን ታውቃለች። ቅጹ ላይ "በራሴ ኃላፊነት" ብላ ፈረመችና ወደ ኮምፒውተሩ ቀረበች።

ከመጨረሻው መስመር ሥር "ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ" ብላ ጻፈች። አስቀመጠች። መዝገቡን ዘጋችና መልሳ ከፈተች።

ጽሑፏ ቁጭ ብሏል።

"ይኸው" አለ ባለሙያው። "ጻፈ እኮ። ምን አደረግሽ፣ ኢንስፔክተር?"

የልጁ ቃል ነበር ያቆማት፤ ያታልላል ብሏታል። "አጥፋው" አለች። ባለሙያው አጠፋው። አንድ ደቂቃ ጠበቁ። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ረጅም ደቂቃ አታስታውስም። ከዚያም አበራው። ኮምፒውተሩ አጉረመረመ፤ ቆየ፤ ተነሳ። መዝገቡን ከፈተችው።

የመጨረሻው መስመር ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ነበር። የእሷ ጽሑፍ የለም።

ባለሙያው ራሱ ሦስት ጊዜ ሞከረው፤ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ አጠፋ። ሦስቱንም ጊዜ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ። "እኔ ደደብ" አለ በመጨረሻ። ሰውየው ጥፋቱን ለማመን አያንገራግርም፤ በዚህ ትወደዋለች።

"ሌላውም እንዳለ መሆኑን እናረጋግጥ" ብሎ መዝገቡን ወደ ላይ ያስኬድ ጀመር። ማክሰኞ አራት ዲግሪ፣ አራት፣ አምስት። የማክሰኞ ጧት ዘጠኝ። ሰኞ አሥራ ሰባት።

"ቁም" አለች ኢንስፔክተሯ። "ወደ ላይ ሂድ።"

ሰኞ ሃያ ስድስት። እሁድ ማታ ሃያ ዘጠኝ። እሁድ ከሰዓት ሠላሳ አንድ።

አራት ቀን ሙሉ ሁሉም ሰው ያፈጠጠው መዝገቡ የተቆረጠበት ጫፍ ላይ ነበር። የጎደለውን ሲፈልጉ ያለውን ያነበበ አንድ ሰው የለም፤ እሷም ጭምር። ዘበኛው እሁድ ማሽኑ ጭጭ አለ ብሎ ነግሯት አልነበር? ማቀዝቀዣው ቆሞ ነበር! ክትባቱ አንድ ቀን ተኩል ሙሉ ሲቀቀል ከርሟል።

የላስቲክ ማህደሩን ከክሱ መዝገብ ውስጥ አወጣች። ወረቀቱ ላይ እሁድ አራት ዲግሪ ነው። ሰኞም አራት።

"ይህን ያተመው ሰው ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ለውጦታል" አለ ባለሙያው ቀስ ብሎ። "ለወጠ፣ አተመ፣ አጠፋው። ተቀምጦልኛል ብሎ ሄደ። ዲስኩ ግን ሁሉንም ረሳው።"

"ጋሽ ዲግሪ መቆለፉን ረቡዕ ዕለት በዓይናቸው አይተዋል። እሳቸው ቢሆኑ በዚህ ዲስክ ላይ አይደክሙም" አለች። ከዚያ ማህደሩን ማየት ጀመረች። የሕፃን እጅ አጣሞ የለጠፋት ቢጫ ወፍ። ቆጣቢ ሰው ማህደር አይገዛም። ስልኳን አንስታ መምህርቷ ጋ ደወለች።

ማክሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ካርቶኖቹ እየተጫኑ ነበር። የመኪናው ሞተር ተነስቷል። ሥራ አስኪያጁ መድረኩ ላይ ቆሞ ይቆጥራል። ኢንስፔክተሯ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ወጣችና ሾፌሩን ሞተሩን እንዲያጠፋ አዘዘችው።

"ምን ሆናችሁ? ፈቃድ አለኝ!" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ወረቀቱን ከየት ነበር ያገኙት? ይድገሙልኝ።"

"ከጠረጴዛዬ ላይ። ሦስት ሰዓት ስገባ።"

"መምህርቷ ሌላ ነገር ነው የነገረችኝ። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ሲገቡ ኮትዎ ሥር አንድ ወረቀት ይዘው ነበር። በዝናብ እንዳይርስብዎት ብላ በልጆቹ ማህደር ውስጥ የከተተችልዎት ራሷ ናት። ወፏንም ታውቃታለች።" አንድ እርምጃ ቀረበችው። "የወረቀቱ የመጨረሻ መስመር ለሁለት አሥር ጉዳይ ይላል። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ በእጅዎ የነበረ ወረቀት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚሆነውን ሙቀት ከየት አወቀው?"

ሥራ አስኪያጁ ወደ መኪናው አፈገፈገ።

"ዘበኛው ሳይገባ ገደሏቸው። ቁጥሩን ቀየሩ። ሰዓቱንም ወደ ፊት ገፍተው ጻፉ፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ በሕይወት የነበሩ እንዲመስል። ሌላ መስመር እንዳይጨምር ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሄዱ። ችግሩ፣ ያ ዲስክ ከማክሰኞ ጀምሮ አይጽፍም። የእሁዱ ሠላሳ አንድ ዲግሪ እንዳለ ቁጭ ብሏል።"

"አይጽፍም?" አለ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። "ስጽፍ እኮ… ተቀብሎኝ ነበር።"

አንደኛው ፖሊስ ክንዱን ያዘው። ሥራ አስኪያጁ ከካርቶኖቹ በአንዱ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። "ማሽኑ እሁድ የቆመው ጥገናውን እኔ ስላዘገየሁት ነው" አለ። "ጋሽ ዲግሪ ዕቃው በሙሉ ይጣል አሉኝ። ሐሙስ ለጤና ቁጥጥር አሳውቃለሁ አሉኝ። እዚሁ ቆመን ለመንኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ።"

ኢንስፔክተሯ ሾፌሩን ካርቶኖቹን መልሶ እንዲያወርድ ነገረችው። ድል ያደረገች አልመሰላትም። የተሰማት የድካም ስሜት ብቻ ነበር።

ፈጣኑ አራት ሰዓት ላይ ተፈታ። እህቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልቅሳ ስታበቃ፣ ሸሚዙን እዚያው መንገድ ላይ ለማልበስ ትታገለው ጀመር። እሱ ግን ዞሮ ኢንስፔክተሯን አያት።

"ጋሽ ዲግሪ ዲስኩን ለምን ከለከሉኝ?"

ነገረችው። ማንም ሊለውጠው የማይችል ምስክር እጃቸው ላይ ስለነበር መሆኑን፣ ሐሙስ ጧት ለቁጥጥር ሰዎች እስኪያሳዩት ድረስ ለማንም ላለመስጠት መወሰናቸውን። ከእሱም የደበቁት ወሬው እንዳያመልጥ ብለው ይሆናል።

ፈጣኑ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። "እኔ ደግሞ ይቅበሩህ አልኳቸው" አለ። "የመጨረሻ ቃሌ እኮ እሱ ነው።" እህቱ ብታባብለው አልሰማም። "ባለቤታቸው ጋ ውሰዱኝ። የፈለጉትን ይበሉኝ።"

ኢንስፔክተሯ ልትከለክለው አሰበች፤ ግን ሦስቱም ሄዱ።

በሩን የከፈቱት ሴትዮዋ ራሳቸው ናቸው። ፈጣኑን ሲያዩ እጃቸው መዝጊያው ላይ ደረቀ።

"እሱ አይደለም፣ እትዬ" አለች ኢንስፔክተሯ ቶሎ ብላ። "ሥራ አስኪያጁ ነው። አምኗል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

ሴትዮዋ ልጁን አዩት። እሱ መሬት መሬቱን እያየ፣ "ሰድቤያቸዋለሁ፣ እማማ። ይቅር በሉኝ ልላቸው አልደረስኩም" አለ።

"አውቃለሁ መስደብህን" አሉ። "ረቡዕ ማታ ነግሮኝ ነበር። እየሳቀ ነበር የነገረኝ። 'ያ ልጅ ከነዲስክህ ይቅበሩህ አለኝ' እያለ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ ሾርባው ትን ብሎት ጀርባውን መታሁለት። 'ያስቆጣሁት እኔ ነኝ፤ ነገ ምክንያቱን ነግሬው እታረቀዋለሁ' አለኝ። እኔም ሊታረቀው ሄዶ ገደለው ብዬ፣ ይኸው ስድስት ቀን ሙሉ ስረግምህ ከረምኩ።"

ፈጣኑ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሴትዮዋ መዝጊያውን ለቀው ጭንቅላቱን ወደ ትከሻቸው ሳቡት፤ ሁለቱም አለቀሱ።

ሟቹ ዲስኩን የከለከሉበት ምክንያት እንደነበራቸው የሚያውቅ ሰው ገና ዓርብ ዕለት ከኢንስፔክተሯ ፊት ተቀምጦ ነበር። "ይህን ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ?" አለች።

"ጠላት ነበረው ወይ አልሽኝ፤ የለም አልኩሽ" አሉ ሴትዮዋ እንባቸውን እየጠረጉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። "ቤቱ ገብቶ ምን አለ፣ ምን ሲያስብ አመሸ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ልጄ። የመጣው ሁሉ ስለ ገዳዩ ነው የሚያወራው። ስለ እሱ የጠየቀኝ የለም።"

እህትየው ወንድሟን ደግፋ አስገባችው። ኢንስፔክተሯም ማስታወሻዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ገባችና ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች።

"እንግዲህ ይንገሩኝ" አለች። "ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?"